ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ

ላሊበላ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እማማ ባንችይርጋ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ማንንም አያስነብቡ። አባባ መርጌታ ነፍሳቸውን ይማርና ፊደል ያስቆጠሩዎት ለዳዊቱ ነበር፤ ዛሬ ለእኔ ይሁንልኝ። በስልክ ልነግርዎ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግን ስደውል ድምፁን ከፍ ስለሚያደርጉት ቤት ያለው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እኔም «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ እዘጋለሁ።

ሰላም አይደለም እማማ። ፈርቻለሁ።

ልጅዎ ምሥጋናው ለኅዳር ሚካኤል ልጆቹን ይዞ ሙጃ ሊመጣ ተነሥቷል። በዚያው መኪና። ቃለሕይወትና ኤልሳቤጥ ከአሁኑ በመስኮት በኩል ማን እንደሚቀመጥ ይጣላሉ። እኔ «በሚኒባስ እንሂድ» ስለው «አዲስ መኪና ደጃችን ቆማ?» ብሎ ይስቅብኛል። የዚያን ቀኑን አንድ በአንድ ስነግረው ደግሞ እርስዎን ምስክር ይጠራብኛል። «እማ እኮ አጠገብሽ ነበረች። ምንም አልሆነም ብላኛለች። አንቺ ነሽ የደነገጥሽው» ይለኛል።

የዚያን ቀኑን የምናውቅ እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ እንደነበረ ልጻፈው፤ ስሕተት ካለበት ያርሙኝ።

ወደ ቤትዎ ላደርስዎ ኩልመስክን አልፈን ነበር። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው፣ ቀበቶው አንገትዎን እንዳይከረክርዎ ነጠላዎን ከሥሩ ወትፈው፣ ውርጭ ስለመታው ገብስ ያጫውቱኝ ነበር። ቁልቁለቱን ጀምረን አንዱን መታጠፊያ ዞርን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ወዲያው ሞተሩ ጸጥ። መኪናው ግን መውረዱን አላቆመም። መሪው ከበደኝ። ፍሬኑን ስረግጠው አንዴ ያዘልኝ፤ ደግሜ ስረግጠው ደነደነ፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳ የምገፋ መሰለኝ። የእጅ ፍሬን የሚባለውም በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ነው፤ ተጫንኩት፣ እሱም አብሮ ሞቷል። ከፊታችን ገደሉ በጉም ተሞልቶ ነጭ ሜዳ ይመስል ነበር።

«ምንድን ነው ዝም ያለው?» አሉኝ።

«መሪው እምቢ አለኝ እማማ! ወደ ተራራው ይግፉልኝ!»

በሁለት እጅዎ መሪውን ይዘው ገፉት። በዚያ ዕድሜዎ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የእኔ እጅና የእርስዎ እጅ ተደራርቦ፣ «ማርያም ማርያም» እያሉ፣ መኪናው የግራ ጎኑን ከተራራው ጋር እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ጎማው ሥር ያለው ጠጠር ገደሉ ውስጥ ሲንኮታኮት ሰማነው። ታች ሲደርስ ግን አልሰማንም።

ወርደን መንገዱ ዳር ተቀመጥን። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ እንዳላይብዎ ነጠላዎ ሥር ደበቁት። እኔ ግን ነጠላው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ያኔ ነው እንዲህ ያሉኝ፦

«ልጄ፣ ይሄን ለምሥጋናው አትንገሪው።»

«እንዴት አልነግረውም? ልጆቹን የሚያሳፍርበት መኪና እኮ ነው!»

«ይህቺን መኪና ከገዛ ወዲህ ገና አሁን ነው ቀና ያለው። ቱሪስቱ ጠፍቶ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ የከረመውን አላየሽውም? አንቺ ሚስቱ ነሽ፣ እኔ ግን የወለድኩት ነኝ። ደስታውን አንቀማው። ጎኗ ተፋቀ ብለሽ ንገሪው፤ በዚያ ሰበብ ያሠራታል።»

ትንሽ ቆይቼ የማስነሻውን ቁልፍ ስነካው መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። እርስዎ አልገቡም። ቁልቁለቱን በዚያ በሚያምዎ ጉልበትዎ ከኋላ ከኋላዬ በእግርዎ ወረዱ፤ እኔ በመስታወቱ እያየሁዎት እንደ ኤሊ እሄድ ነበር። ማታ ምሥጋናው ሲደውልና የመኪናው ጎን መፋቁን ስነግረው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ምንም አልሆነችም፣ ሔለን ጉሙ አስደንግጧት ትንሽ አስነካቻት እንጂ» አሉት። እኔ ቀና ብዬ አየሁዎት። እርስዎ ግን አላዩኝም።

አላዘንኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሐዘኔ ውሎ አድሮ ይበርድ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልበረደም። ቅዳሜ ዕለት ኤልሳቤጥን ከኋላ አስቀምጬ ከገበያው በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ እንደገና ጠፋ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ከኋላችን እህል የዘረጉ ሴቶች፣ አህዮች፣ ልጆች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ቆሜበት ጮህኩ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ «ድንጋይ! ድንጋይ አስገቡለት!» አለ፤ ከየአቅጣጫው ሰዎች ጎማው ሥር ድንጋይ ወረወሩ። አንዲት ሴትዮ የሽንብራ ጆንያዋን ሳይቀር አስገባችው። ሲቆም ኤልሳቤጥ «እማዬ፣ ለምን ወደ ኋላ እንሄዳለን?» አለችኝ።

ምሥጋናው ወልድያ ጋራዥ ወሰደው። ኮምፒውተር ሰክተው አዩት። «ምንም ስሕተት አያሳይም፣ ጤነኛ ነች» አሉኝ ብሎ ደስ ብሎት ተመለሰ። መኪናው የሚጠፋው ሲፈልግ ነው፤ ጋራዥ በር ላይ እንደ ሰዓት ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔ መንዳት የማትችል ፈሪ ነኝ።

እማማ፣ እኔን አይሰማም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። እባክዎ ዛሬውኑ ደውለው «ልጆቹን በዚያ መኪና እንዳታመጣብኝ» ይበሉት።

*

እዚህ ላይ ትናንት አቁሜ ነበር። ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ ደግሰው የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ተሳፋሪ ስላልሞላለት ሳይሄድ ቀረ። አሁን ልመናዬ ጊዜው አልፎበታል፤ ቢሆንም አልቀደድኩትም።

መጀመሪያ ይህን ይወቁ፦ ሁሉም በሕይወት አሉ።

ትናንት ለምሳ ከፋርማሲው ሥራዬ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ መኪናው የለም፣ ልጆቹም የሉም። ጎረቤታችን ስሜነሽ በአጥሩ በኩል «ልጆቹን ይዞ በብልባላ መንገድ ወጥቷል። ‹ለሔለን ምንም እንደማትሆን ላሳያት› እያለ ይስቅ ነበር» አለችኝ። ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም።» ደግሜ ደወልኩ። ያው ነው። ያቺን የማሽን ሴት በሕይወቴ እንደዚያ የጠላኋት ቀን የለም።

ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባለባጃጁ አስፋልቱ ሲያልቅ «ከዚህ በላይ አልሄድም» አለኝ፤ ወርጄ በእግሬ ገባሁበት። እየሄድኩ ከራሴ ጋር አወራለሁ፦ ዝም ብሎ ርቆ ሄዶ ነው፤ ኔትወርክ የለም፤ ቆመው በሶ እየበሉ ነው። አንዲት ሴት አህያ እየነዳች መጣች።

«እኅቴ፣ ነጭ መኪና አላየሽም?»

«ታች ተጋድሟል። ሰው ከቦታል።»

«ውስጡ የነበሩትስ? ልጆችስ?»

«እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት እኅቴ። ልጅ አላየሁም» አለች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ አህያዋን ትታ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ግን አመለጥኳት። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አንድ ጫማዬ የት እንደቀረ ዛሬም አላውቅም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለምን ቁልፉን አልደበቅኩበትም? ለምን ሽንት ቤት አልጣልኩትም?

ከመታጠፊያው ስወጣ አየኋቸው። ምሥጋናው ኤልሳቤጥን አቅፎ፣ ቃለሕይወትን በእጁ ይዞ፣ አቧራ ለብሰው ዳገቱን ይመጣሉ። ቃለሕይወት ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገጩ ላይ ደም ደርቋል። እስኪያየኝ ድረስ አላለቀሰም ነበር፤ ሲያየኝ ግን ልቡ እስኪጠፋ አለቀሰ። ምሥጋናው «ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው» ይላል። ኤልሳቤጥን ልቀበለው ስል እጁን አላላላ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኋቸው።

ቤት ገብተን ልጆቹን ካጠብኩ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ጸጥ አለብኝ» አለኝ። «ቁልቁለቱ ላይ ጸጥ። ፍሬኑ ደነደነ። መሪው… ልጆቹ ከኋላ ‹አባዬ› ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ግን የማደርገው ጠፋኝ። መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ባይዛት ኖሮ እኮ ሔለን…»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«አዎ፤ አንቺ ነግረሽኛል። አንድ በአንድ የነገርሽኝ ነው የሆነው።» ከዚያ «እማ አጠገብሽ ነበረች» አለኝ። «ለምንድን ነው ምንም አልሆነም ያለችኝ?»

እማማ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ ልለው የፈለግሁት ነው! የልጆቼን ፊት አየሁ፣ የእሱን ፊት አየሁ፣ ዋጥኩት። «እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቅ» አልኩት።

መኪናው እስካሁን ቦዩ ውስጥ በጎኑ እንደተጋደመ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ባለበት ሁኔታ ልግዛህ ብሎት ነበር። ምሥጋናው «ነገ ልጆችህን ታሳፍርበታለህ» ብሎ መለሰው። የሠራው ኩባንያ ጥፋቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ይቆማል፤ ካላገኘም ቆሞ ይቅር ብሏል። ነገ ከነገ ወዲያ ምን እንደምንሠራ አላውቅም። እሱ ግን እንደበፊቱ ግድግዳ ላይ አያፈጥም፤ ከቃለሕይወት አጠገብ አልለይ ብሏል።

እኔ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። አንድ ነገር በድንገት ጸጥ ሲል፣ ወፍጮ ቤቱ ሥራ ሲያቆም እንኳ ልጆቹን እጠራለሁ። ለሚካኤል ከደግሰው ጋር በሚኒባስ እንመጣለን፣ አራታችንም። ኤልሳቤጥ «መኪና አልገባም» እያለች ታለቅሳለች፤ ደረቴ ላይ ለጥፌ አመጣታለሁ።

ምሥጋናው ይጠይቅዎታል። ደስታውን እንዳንቀማው ብለው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ቂምም አልያዝኩም። ምን እንደተባባልን እኔ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ብቻ እማማ፣ ከዚህ በኋላ «ሔለን ደንግጣ ነው» አይበሉት። አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ እጅዎን እይዛለሁ። «ልጄ፣ እኔም ፈርቼ ነበር» ይበሉት።

ሚካኤል እስኪያገናኘን በር በሩን እያዩልን ይቆዩን።

ልጅዎ ሔለን