የወንድሜን ቦታ በሰው ስለሞላችሁልን

ለቱሪዝምና ለእንግዳ ምለሳ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
አሶሳ

የተከበራችሁ ኃላፊዎቻችን፣ የአላህ ሰላም በእናንተና በቤተሰቦቻችሁ ላይ ይሁን፤ ጤናችሁም እንደ ቢሯችሁ ጄኔሬተር መብራት በጠፋ ቁጥር ወዲያው የሚነሣ ይሁን። ከሆሞሻ የምጽፍላችሁ ገበሬና ዙምባራ ነፊ ኻሚስ ነኝ። ባለፈው ወር «ጎብኚን መልሶ የሚያመጣው ምንድን ነው?» በሚል ርእስ የሰጣችሁንን ስልጠና ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታትያለሁ። መልሱ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ፈገግታና ያልጎደለ ትርኢት መሆኑን ባለሙያችሁ አስረድተውናል። በተለይ ስለ ሦስተኛው ያለኝ ምስጋና ቤት ውስጥ አልያዝ ስላለኝ በአደባባይ ልጽፈው ተገደድሁ።

፩. ዙምባራ ረጅም የቅል መለከት ነው፤ አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው እያንዳንዱ ነፊ በተራው ሲነፋ ነው። ታናሽ ወንድሜ አብዱልሐሚድ በግጭቱ መንገዱ በከፋበት ዓመት ለበዓል ሊነፋ ወደ ግልገል በለስ እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳም ወሬም አልመጣልንም። በመንደራችን ልማድ ሞቱ ያልተረጋገጠ ነፊ ቦታው ክፍት ይቆያል፤ ተራው ሲደርስ ሁላችንም ዝም እንልና እንቀጥላለን። ይህ ዝምታ የትርኢት ጉድለት መሆኑን ስለነገራችሁን እናመሰግናለን፤ እኛ ወንድሜ መስሎን ነበር።

፪. ጉድለቱን እንዲሞላ ከቢሯችሁ የላካችሁልን ሀብቱ ጨዋ ሰው ነው፣ ምንም ጥፋት የለበትም። መንፋት ስለማይችል መለከቱን አፉ ላይ አድርጎ ጉንጩን ብቻ እንዲወጥር አዝዛችሁታል፤ የወንድሜን የመሰለ ልብስም አልብሳችሁታል። ከጎኔ ሲቆም በዓይኔ ጥግ እያየሁት ተራዬን ሳትሁ። ፈራሁ፤ ከጠፋው ሰው ይልቅ በቦታው የቆመው ያስፈራል። ዓይኗ የደከመው እናታችን ኑሃ ደግሞ ከሩቅ አይታው «ልጄ፣ መቼ መጣህ?» እያለች ሰልፉ መሃል ገባችና እጁን ያዘች። ሀብቱ መለከቱን መሬት አስቀምጦ አለቀሰ። ይህ በመርሐ ግብሩ ላይ ስላልነበረ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፫. በዚያው ቀን ከዓመታት በፊት ጎብኝተውን የነበሩ አንዲት አዛውንት የውጭ አገር እንግዳ ተመልሰው መምጣታቸው ለሪፖርታችሁ ሳይበጅ አልቀረም። ነገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባችሁ ልንገራችሁ፦ የመጡት መጸዳጃውን ናፍቀው አልነበረም። በአስተርጓሚ የጠየቁኝ «ሲነፋ ዓይኑን የሚጨፍነው ሰውዬ የታለ?» ብለው ነው። እንደጠፋ ነገርኋቸው፤ ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ባለሙያችሁ «ሆዳቸውን አሟቸው ነው» ማለታቸውን ሰምተናል፤ በጤና ጣቢያችን ይህን ያህል ፈጣን ምርመራ አይተን አናውቅም።

አሁን ደግሞ በቦታው ቋሚ ሰው ካልቆመ ቡድናችን እንደሚሰረዝ አስታውቃችሁናል። ሰርዙን። ቦታውን ሞላነው ማለት ሞቷል አልን ማለት ነው። ይህን ለእናቴ የሚነግር ደፋር በመካከላችሁ ካለ ቤቷን አሳየዋለሁ፤ እኔ ግን አልችልም።

በስልጠናው መሠረት ፈገግ እያልሁ፣ ለደከማችሁልንም ላደከማችሁንም ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ታዛዥ ሠልጣኛችሁ
ኻሚስ፣ ከሆሞሻ

ሳልጽፈው የቀረ፦ አሶሳ መግቢያ ላይ በሰቀላችሁት ትልቅ የቱሪዝም ማስታወቂያ መሃል ላይ የቆመው ወንድሜ ነው፤ ቡድኑ ሲሰረዝ እሱም ይወርዳል ብላችኋል። እኛ ሌላ ፎቶ የለንም። ትልቅ ስለሆነ ለእናቴ ዓይን ይታያታል፤ በገበያ መኪና እየተሳፈረች ትሄድና ሥሩ ተቀምጣ ውላ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ተመላላሽ ጎብኚ ስትቆጥሩ እሷን አትዝለሉብን፤ የምታወርዱበትን ቀንም አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ያን ቀን ከቤት እንዳትወጣ ልያዛት።