ስለ ሸርጣን ልጆችሽ

አሶሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ለልብ ቀዶ ጥገናሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ይህን የምጽፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ግን ጨርሶናል።

ትናንት በስልክ «የሸርጣን እጮቹ እንዴት ናቸው?» ስትይኝ፣ «ይዋኛሉ፣ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ ልጄ። አንድም አልተረፈ።

ኮሌጁ ቤተ ሙከራ ጠዋት ማታ እየሄድኩ እንዳሳየሽኝ አደረግኩ። አርቴሚያ የምትይውን ደቃቅ ምግባቸውን አበላሁ፣ የሞተውን እየለቀምኩ ቆጠርኩ፣ መዝገብሽን አንድም ቀን ባዶ አልተውኩም። ሁለተኛውን ቅርፊት ሲጥሉ በማይክሮስኮፑ አይቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አቧራ የሚያክል ነገር ያን የሚያህል ዓይን ይዞ ያፈጥጥብኛል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፓዌ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ሳለሁ ሃያ ስድስት ዓመት በየማለዳው የትነት መለኪያ ገንዳ ያየሁ ሰው ነኝ። ፀሐይ የወሰደችውን መዝግቤ ውሃውን እስከ ምልክቱ መመለስ ነበር ሥራዬ። እዚህም የእጮቹ ብርጭቆዎች በጎደሉ ቁጥር እስከ ምልክቱ ሞላሁልሽ፤ ያውም አንቺ ካዘጋጀሽው ጨዋማ ውሃ፣ የባሕር ልጆች ናቸው ብዬ። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ይገረም በስድስተኛው ቀን አይቶኝ «አባባ፣ የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል» ሲለኝ የያዝኩትን ውሃ አስቀመጥኩ። ይህን እኔ አጥቼው? የጨው መለኪያውን ብንነክረው አንቺ ከጻፍሽው ቁጥር እጅግ አልፏል። ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግንላቸው። ብርጭቆው ሥር ወርደው ተኙ፣ አልተነሡም።

እናቲቱ ሸርጣን ከጅቡቲ በስንት ልመና እንደመጣች፣ እሷም እንደሞተች አውቃለሁ። የማስተርስ ጽሑፍሽ በነሱ ላይ እንደቆመም አውቃለሁ። ምን ላድርግ? አጠገብሽ ልሁን ስልሽ «እነሱን ማን ያይልኛል» ብለሽ እዚህ አስቀረሽኝ። አሁን ተነሥቼ አዲስ አበባ ብመጣ ደግሞ ገና ከበር ስታይኝ እንዳለቁ ይገባሻል።

ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሏል። ስለዚህ ደብዳቤውን የምልከው ለአክስትሽ ለሰብለወንጌል ነው። ከቀዶ ጥገናው ወጥተሽ፣ ነፍስሽ መለስ ብሎ፣ እህል ከቀመስሽ በኋላ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። እስከዚያ በደወልሽ ቁጥር ይዋኛሉ እልሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

እመቤቴ ከአልጋሽ ራስጌ አትለይ። ይህን የምታነቢ ከሆነ ተርፈሻል ማለት ነው። ያኔ ደውለሽ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ።

አባትሽ አንለይ