የማን በሬ ነው ይሄ መኪና?

ሰኞ

መኪናዬን አነሱብኝ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። «የተመዘገበ የንግድ ምልክት የሚመስል ቅርጽ ስላለው ከጨዋታው ወጥቷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ገጽዎ ይዘጋል» ይላል መልእክቱ። ገጼ ከተዘጋ በጨዋታው ዓለም ውስጥ የሠራኋቸው መኪኖች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ቦቴው፣ ቅጥቅጡ፣ የውሃ ጋሪው።

የፋብሪካውን ስም ከመኪናው ላይ እኮ ፍቄው ነበር።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማችን ጦር ሠፈር ሾፌር ነበር። ስክሪኑን አየና «ስሙን ብታጠፊው ምን ዋጋ አለው፤ አፍንጫው ያጋልጠዋል» አለኝ። አስከትሎም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ። ለመተረትማ እሱን የሚቀድመው የለም።

ማክሰኞ

በምሠራበት ፎቶ ቤት ደንበኛ እስኪመጣ ለመኪናው አዲስ ፊት ስሥል ዋልኩ። መለወጥ ያለባቸው፦ ፍርግርጉ፣ መብራቶቹ፣ ኮፈኑ፣ የበሩ እጀታ። የተረፈኝ ጎማው ብቻ ነው። ጎማ ክብ መሆኑን ማንም ያስመዘገበ አይመስለኝም።

ቤት ስገባ አባዬ መብራቶቹ እሱ ይነዳት እንደነበረችው መኪና ካልሆኑ አለ። «አባዬ፣ እሷም እኮ የሰው ናት» አልኩት። አኮረፈ።

ረቡዕ

አገኘሁት። በከብት ገበያው በኩል ሳልፍ አንድ ወይፈን መንገድ ዘጋብኝ። ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኖቹ ወደ ጎን የሸሹ፣ ቀንዱ ወደ ላይ የቆመ። ቆሜ ሣልኩት። ባለቤቱ «ልትገዢው ነው?» አለኝ። «ፊቱን ብቻ» አልኩት። ጤንነቴን የተጠራጠረ ይመስለኛል።

ግንባሩ ኮፈን ሆነ፣ ቀንዶቹ የጎን መስታወት ሆኑ። የማንንም መኪና አይመስልም። ስሙን በአገራችን ስም «ሊበን» አልኩት። አርማ ሲቀረው፣ ወይፈኑ ጭን ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰውን ምልክት በሩ ላይ አሳረፍኩት። አማረበት። አትሜ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፍኩት፤ ጨዋታው ላይ ነገ አወጣዋለሁ።

ሐሙስ

አላወጣሁትም።

ከብት ነጋዴው ጎረቤታችን ኦቦ ጃርሶ መጡ። ሌላ ጊዜ «አካም፣ ናጋ?» ብለው የቤቱን ሰው ሁሉ ሳይጠይቁ አይቀመጡም። ዛሬ መስኮቱ ጋ ቆመው ቀሩ።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን በሬ ነው?»

«መኪና ነው ኦቦ።»

«መኪናውን አየሁ። ምልክቱ የጎሳችን ነው። ከየት አመጣሽው?»

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጨዋታ መሆኑን አስረዳኋቸው። «እዚያ ሰው የለም?» አሉ። ሞልቷል አልኳቸው። «እንግዲያው ሰው ይገጫል። ሲገጭ በምልክቱ መጥተው የሚጠይቁት እኛን ነው። ሲጠፋም ፈልገን የምናመጣው እኛ ነን።»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው፤ ከፋብሪካ ሸሽቼ ጎሳ ላይ ወደቅሁ። ነገ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን እንደሚመጡ ነግረውኝ ሄዱ። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

አባዬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ስክሪኑን ከበቡ። ይቆጡኛል ስል አንዱ «ስንት ከብት ይጭናል?»፣ ሌላው «ውሃው በየት በኩል ነው?» እያሉ የጨዋታውን አገር ሲያስነዱኝ ቆዩ። ከዚያ ፈረዱ፦ ምልክቱ ይነሳ፣ የራሴን ላምጣ፣ የማንም አለመሆኑን እነሱ ያያሉ።

መስቀለኛ መስመር ሣልኩ። «የአማቶቼ ነው» አሉ አንዱ። ሁለት ቅስት ሣልኩ። «በክብረ መንግሥት መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ምልክት ነው» አሉ ሌላው። ነጥብ ያለው ክብ ሣልኩ፤ በሱ ደግሞ ሦስቱም እርስ በርስ ተከራከሩ። የጨዋታው ኩባንያ እንኳ እንዲህ አልመረመረኝም።

ተስፋ ልቆርጥ ስል አባዬ ከጥግ «ታኮ አድርጊበት» አለ። ሾፌር በነበረ ጊዜ መኪና አቁሞ ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያደርግ ቤት አይገባም ነበር። ክብ ሣልኩ፣ ከሥሩ ድንጋይ። ሽማግሌዎቹ ተጠግተው አዩት።

«የማንም አይደለም» አሉ ኦቦ ጃርሶ።

አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

አወጣሁት። ኔትወርኩ ሄድ መጣ ሲል ልቤም አብሮት ሄድ መጣ ይላል። ከሰዓት በኋላ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል መልእክት ገባ። ገጼ ተረፈ። አባዬ ለሠፈሩ ሁሉ «መኪና አወጣን» ብሎ ስላወራ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት የሚመጣው ሁሉ ግቢው ውስጥ መኪና ይፈልጋል።

የሚቀጥለው ሐሙስ

ሰረቁኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ያንኑ ግንባር፣ ያንኑ ቀንድ፣ በሩ ላይ ያንኑ ታኮ እንዳለ ወስዶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ የራሴ ነው ብሎ አውጥቶታል። ደሜ ፈላ። ለኩባንያው አቤቱታ ጻፍኩ፤ ለኔ የጻፉልኝን ቃል ነው መልሼ የገለበጥኩላቸው። እስካሁን መልስ የለም።

ኦቦ ጃርሶ ፎቶ ቤት ሲመጡ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ምልክቱ ካለበት ይገኛል» አሉ።

ከዚያ ጠየቁኝ፦ «በየት በኩል ነው የሄደው?»