ያልተነጠፈው አልጋ

ይድረስ ለልጄ ለሄራን፣

ለንደን ላይ በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ቅዱስ ዑራኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስልክ አላነሳችም ብለሽ አትደንግጪ፤ እዚህ ሲግናል ስለሌለ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ።

አዎ፣ አትሂጂ ያልሽኝ የባሕር ዳር ጎጆ ውስጥ ነኝ። ጓደኛዬ ሰርክ ከሰፈራችን ከፌርፋክስ ድረስ ድራይቭ አድርጋ አመጣችኝ። እንዳልሽው ወለሉ ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል፣ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፣ ማሞቂያውም የእንጨት ምድጃ ነው። ጋቢዬን ደርቤ መስኮቱን ስከፍት ግን ባሕሩ እግሬ ሥር ነው። ብርድ ይመታሻል እንዳትዪኝ።

ከሰርክ ጋር ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ስንሠራ ባሕር የሚታይበትን ክፍል ስንት ዓመት አጸዳን። መጋረጃ ከፍተን፣ አልጋ አንጥፈን ወደሚቀጥለው ክፍል እንሮጣለን እንጂ ቁጭ ብለን አላየነውም። ዛሬ ጠዋት ሰርክ እጇ ለምዶባት አልጋዬን ልታነጥፍ ስትነሳ፣ «ተይው፣ እንደተዘበራረቀ ይዋል» አልኳት። ሳቀችና ትታው ወጣች። እስከ ምሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ባሕሩን አየን።

እሑድ እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር። አልመለስም፣ አንድ ሳምንት ጨምረናል።

እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ። አደራሽን፣ ተመለሺ አትበይኝ። ይልቅ ፈቃድ ውሰጂና ነይ። አልጋው ለሁለታችን ይበቃል፤ አናነጥፈውም።

እናትሽ ሐና