ግራዝማች ብዙነህ ሳይወጡበት መንገድ የጻፉለት ተራራ

ለተከበሩ ለግራዝማች ብዙነህ፣ የጎባ ከተማ ሹም

እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው የተሟላ ይሁን፤ ጉልበትዎንም እግዚአብሔር ይማርልዎ። ስለ ጉልበትዎ የምጨነቀው በኅዳር ወር ተራራ ለመውጣት እምቢ ብሎዎት፣ በዚያው ሳምንት ሠርግ ቤት ሲያስጨፍርዎ ስላየሁ ነው።

እኔ ወለተኢየሱስ እባላለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ከዘማቹ ባለቤቴ ጋር ከመንዝ መጥቼ፣ እሱን እዚሁ ቀብሬ የቀረሁ ሴት ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ስለሆነ ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው፤ የጻፈላትን ወንድ አምጡ ብለው ሎሌዎችዎን እንዳያደክሙ። ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሰው በሌለበት ሲነገርዎ ጆሮዎ እንደሚደክም ስለማውቅ፣ በረቡዕ ገበያ ሮቤ ላይ እንዲነበብ አድርጌያለሁ።

ወይዘሮ እኅተማርያም ከሸዋ ዘመድ ሊጠይቁ መጥተው፣ ስልሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ «ይህን ተራራ ሳላይ አልመለስም» ሲሉ፣ እርስዎ በዘመቻ ጊዜ ስላቋረጡት እንደ እጅ መዳፍዎ እንደሚያውቁት ነገሯቸው። ከዚያም የሚታየውንና የሚኬድበትን በወረቀት አስጽፈው፣ ማኅተምዎን አድርገው፣ ስንቅ ይዤ እንዳጅባቸው እኔን አዘዙኝ። ለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ። ወረቀትዎ ከጥዱ ደን እንደወጣን ኮረብታውን በስተግራ ትተን በቀኝ እንድንሄድ፣ መንገዱም ሜዳ እንደሆነ ይናገራል። ታዘዝን። የኮሶው ዛፍ አለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከጉልበት በታች ሆነ፣ ከዚያም ጉም መጥቶ የበቅሎዎቹን ጆሮ እንኳ ሸፈነብን። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ በኦሮምኛ «ቁሙ፣ ከፊታችሁ ገደል ነው» አለ። የገበያ ኦሮምኛዬ አላሳፈረኝም፤ የወይዘሮን በቅሎ ልጓም ያዝሁ። ድንጋይ ብወረውር ሲያርፍ ድምፁ አልተሰማኝም። ያ ሰው ጃርሶ ይባላል፤ ያረገዘች ባዝራውን እየሳበ የጠፋች ጊደር ይፈልግ ነበር። የጊደሯን ፍለጋ ለወንድሙ ትቶ ሦስት ቀን ሙሉ መራን።

ሁለተኛ። ከላይ ሰውነት የሚያፍታታ ፍል ውሃ እንዳለና እርስዎም ታጥበውበት እንደነበር ጽፈዋል። ወይዘሮ መታጠቢያ ልብስ ይዘው ነበር። ጃርሶ ቦታውን ስንነግረው ብዙ አሰበና ገርባ ጉራቻ ወደሚባለው ጥቁር ሐይቅ ወሰደን፤ በወረቀቱ በተባለው ስፍራ ያለ ውሃ እሱ ብቻ ነውና። ዳሩ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነጥፏል። ወይዘሮ አንድ እግራቸውን ነክረው ወዲያው አወጡና፣ «ግራዝማች እዚህ ታጥበው ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ተራራ የሸሹት ወደው አይደለም» አሉ። ሐይቁ ግን እንዴት ያምራል። ድንጋዩ እንደ ግንብ ዙሪያውን ከቦት፣ ዳክዬዎቹ በላዩ ላይ ያለ ድምፅ ይንሳፈፋሉ። ይህ በወረቀትዎ ላይ የለም።

ሦስተኛ። ሰው የሚበሉ ቀያይ አውሬዎች ስላሉ ስምንት ጠመንጃ ያዥ እንዲከተለን አዘዙ። ሳነቴ ሜዳ ላይ አውሬው ተገኘ። ከጃርሶ ባዝራ ኋላ ኋላ የሚሄድ፣ እግረ ቀጭን ቀይ ቀበሮ ነው። ስምንቱም ጠመንጃ ደገኑ። ቀበሮው እነሱን ትቶ፣ ባዝራዋ በኮቴዋ ያስበረገገችውን ፍልፈል ዘሎ ያዘና ፊታችን ቁጭ ብሎ በላ። ጃርሶ በጠመንጃዎቹ ፊት ቆሞ «እኛ የፈረስ ቀበሮ ነው የምንለው፤ ባዝራ ስትወልድም አይለያትም። እሱን ከመታችሁ መንገዱን ሌላ ሰው ያሳያችሁ» አለ። ጠመንጃዎቹ ወረዱ። እኔም አንድ ሰው ስምንት ጠመንጃ በቃል ሲያወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረውን ላሳጥርልዎ፤ ተቀምጠው የሚሰሙ ስለሆነ አያደክምዎትም። ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን በአስታው መካከል ቆሞ አይተናል። ከሰው የሚረዝም ጅብራ የሚሉት ተክል ሜዳው ላይ እንደ ጭፍራ ተሰልፎ አይተናል። በመጨረሻም ጃርሶ ከሜዳው ጠርዝ ሲያደርሰን፣ ከእግራችን በታች ደመና፣ ደመናው ሲከፈት የሐረና ደን እስከ ዓይን መጨረሻ ታየ። ወይዘሮ ከበቅሎ ወርደው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ኋላ «ይህን አገር ያዝነው ይላሉ፤ የትኛውን?» ብለው ጠየቁኝ።

አራተኛ። ጎባ እንደተመለስን እርስዎ ለወይዘሮ «ጃርሶ ሽልማቱን ይዞ አገሩ ገባ» አሏቸው። ጃርሶ ግን በእርስዎ ግቢ ታስሮ ነበር፤ ጥፋቱም እንግዳዋን ከታዘዘው መንገድ ማስወጣት ነው። የታዘዘው መንገድ ገደል እንደነበር ያሰበ ዳኛ አልተገኘም። ሚስቱ ዐሥራ አንድ ቀን በበርዎ ላይ ወተት ይዛ ቆመች፤ ወተቱን ዘበኞችዎ ጠጡት።

ለወይዘሮ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም እርስዎ ችሎት ተቀምጠው ሳለ ገቡና፣ ከጃርሶ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ከመንገድ የወጣነው ሁለታችን ነን፤ እግረ ሙቁን ለእኔም አምጡልኝ» አሉ። ያን ጊዜ ፊትዎን ያላየ ብዙ ቀርቶበታል። ጃርሶ ከምሳ በፊት ተፈታ። ሲወጣ ወይዘሮ እጁን ይዘው ይቅርታ ጠየቁት፤ እሱም ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ በኦሮምኛ «ጊደሯ ተገኝታለች በያቸው» አለኝ። ደስ ያለው በዚያ ብቻ ይመስል ነበር።

ወይዘሮ በማግሥቱ ወደ ሸዋ ሄዱ፤ ጃርሶ ሲታሰር የተወሰደችው ባዝራ ግን ለማስታወሻ ትሆን ዘንድ በጋጣዎ ቀረች። ሦስት ጊዜ መጥቼ ለመንሁ፤ ሦስት ጊዜም ጉልበትዎን አሞዎት ተኝተዋል ተባልሁ። ጃርሶ ራሱ እንዳይመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እንደገና ተቀብለው እንዳያሳድሩት ፈርቼ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ፣ መንገድ አዋቂና ፍርድ አክባሪ ሹም የሰጠንን አምላክ እያመሰገንሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ አገር ሁሉ እንዲታይዎ እየተመኘሁ፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እጅ እነሣለሁ።

ወለተኢየሱስ፣ ጎባ፣ ጥር ፲፰፻፺፪ ዓመተ ምሕረት

ተጨማሪ፦ ዘበኞችዎ ይህ ሲነበብ ለማዳመጥ ማልደው ሮቤ ስለሄዱ፣ ባዝራዋ ዛሬ ጠዋት ከጋጣዎ ወጥታ ወደ ጃርሶ ሄዳለች። በሩን የከፈቱት ባለቤትዎ ወይዘሮ ማሚቱ ናቸው። ስማቸውን ልተወው ብላቸው «ጻፊው እንጂ» አሉኝ። በሚመጣው ሳምንት እሳቸውና እኔ ከጃርሶ ጋር ተራራውን ልንወጣ ነውና፣ እራትዎን የሚያቀርብልዎ ሰው ከወዲሁ ይፈልጉ ብለዋል።