ድስቱን ገነዙና

ረጀብ 3
ሙቀቱ ሊገድለን ነው። ቴምር በእርጎ ቀምሼ ሚርበድ ገበያ ወረድኩ። የበኑ ሙርጢብ ጎሳ ገጣሚ መሐል ቆሞ ጎሳችንን ይሰድባል። ፈሪዎች አለን... ግመል ሻጩ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌያችን ዋኪዕ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ገጣሚያችን፣ ምላሳችን አይደለህ? ወይስ ጥርስህ ሲረግፍ ምላስህም አብሮ ወደቀ?» አለኝ።
ልጄ ኡማማ የተዳረችው ለበኑ ሙርጢብ ነው። ምን ላድርግ?

ረጀብ 5
ኡማማ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል።
«አባዬ፣ በሞቴ፣ ተዋቸው። የምኖረው እኮ እነሱ ጋ ነው።»
እሺ አልኳት።

ረጀብ 8
ግመሌን ሳጠጣ ስንኙ ሳልፈልገው መጣ።
እንግዳ ሲመጣ ሙሾ ያወርዳሉ፣
ድስቱን ገነዙና ሞተብን ይላሉ።
ብቻዬን ሳቅኩ። አልለውም... ግን እንዲህ ያለው እንዴት ይዋጣል?

ረጀብ 9
አልኩት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዋኪዕ ግንባሬን ሳመኝ። ለጎሳው ነው፣ ኡማማ ትረዳኛለች።

ሻዕባን 2
ነጋዴዎች ስንኙን ኩፋ ከተማ ድረስ ይዘውት ሄደዋል። ኡማማ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ «ድስታችሁ ተሻለው?» ይሏታል አሉ። ወደ እሷ ሰው ላክሁ፤ መልስ የለም። ብራና ላይ ያለ እንደሆነ ይፋቃል። ሰው አፍ የገባውን ማን ያወጣዋል?

ሻዕባን 26
ገበያ ሳለን ከበኑ ሙርጢብ ሰፈር የሴቶች ዋይታ ተሰማ። አንዱ ግመል ነጂ «እንግዳ መጣባቸው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሻዕባን 27
የሞተችው ኡማማ ናት። ምጥ ላይ። ሕፃኑም አልተረፈ። ትላንት... ስስቅ።
ስደርስ ተቀብራለች። ልቅሶ ቤቱ ባዶ ነው። ባሏ ሱራቃ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።
«ሰው የለም?» አልኩት።
«ጩኸታችንን ማን ያምናል፣ አባቴ? አራት ሆነን ነው የቀበርናት።» ቀና ብሎም አላየኝ። «እርስዎስ አልሰሙም ነበር?»
ሰምቻለሁ አልኩት። የሳቅኩትን አልነገርኩትም። ፈራሁ።

ሻዕባን 29
ዋኪዕ፣ «ለልጅህ ሙሾ ግጠምላት እንጂ» አለኝ። ሞከርኩ። አፌን ስከፍት ያው ድስቱ ይመጣል። ሌላ ምንም የለኝም። ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው!
የሱራቃ ደጅ ላይ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ሁለት መንገደኞች ቆሙ። «ልጄ ናት! ልጄ ሞታ ነው!» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፈነ፤ ከዚያ አልፈው ሄዱ።