የጓዳው ወለል

ጥር 2
ገበያው ጥሩ ዋለ። ብርዱ ስለጠና ጋቢና ብርድ ልብስ ነበር የሚፈለገው። አከራዬ እስከ የካቲት ልቀቂልኝ ብለውኛል። ከገበያው ጀርባ ያለውን የእማማ ላቀችን ቤት ልጃቸው ጓዴ ሊሸጠው ነው አሉ። አሮጌ ነው… ግን ለእኔና ለልጄ ለኢስራ ይበቃል።

ጥር 4
አናጢውን ጋሽ አለበልን ይዤ ቤቱን አየሁ። ምሰሶውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። «ይኼ ደህና ነው። ያኛውን ምስጥ በልቶታል፣ ይቀየራል።» ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ያፈሳል። መሠረቱ ድንጋይ ነው። ስንጥቁ ከምርጊቱ አያልፍም። ካርታው በእማማ ስም።
ጓዳው ስንደርስ ቆሙ። ወለሉ መሀል ላይ ጎድጉዷል። ዙሪያው ደረቅ፣ መሀሉ የላላ አፈር።
«ጓዴ፣ እዚህ ምን ነበር?» አሉት።
«የእህል ጉድጓድ ነበር። ደፈንነው።» ቶሎ መለሰ። በጣም ቶሎ።
እማማ ላቀች በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ እዚያ ላይ አትርገጪ» አሉኝ፣ በቀስታ።

ጥር 5
ጋሽ አለበል ስንመለስ ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «የእህል ጉድጓድ ክብ ነው፣ ኑሪያ። ያኛው ረዘም ይላል።»
ኢስራ ደግሞ፦ «እማ፣ ጓዳው የኔ ክፍል ይሁን?»

ጥር 8
ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት… እጄ ቆመ። ያ ጉድጓድ ስንት ክንድ ነው? ደንበኛዬ «አመመሽ ወይ?» አለችኝ።

ጥር 9
ጓዴ ገበያ ሲወጣ ጠብቄ ብቻዬን ሄድኩ።
«እማማ፣ እዚያ ማን አለ?»
ምን አለ ልል ነበር። ማን አልኩ።
«ዘመኑ» አሉ። ትንሹ ልጃቸው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ውጊያ ሲሆን፣ በተኩሱ ሳምንት፣ ተባራሪ ጥይት ግቢው ውስጥ አገኘው። ሦስት ቀን ከደጅ መውጣት አልተቻለም። ቤተ ክርስቲያን ማን ይወስደዋል? እናትና ወንድም በዶማ ቆፈሩ። በኋላም ጓዴ የሚጠይቀውን ሰው ፈራ። «ከማን ጋር ነበር ቢሉንስ?» እያለ ቀኑ ዓመት ሆነ።
«ያለ ፍትሐት ነው የተኛው። ገዥ በመጣ ቁጥር፣ እላዩ ላይ አልጋ ሊዘረጉበት ነው እላለሁ።»
እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ጥር 12
ጓዴ ሱቄ ድረስ መጣ፣ ተቆጥቶ። «እናቴ አርጅታለች፤ የምትለውን አታውቅም። ትገዥያለሽ አትገዥም?»
«እገዛለሁ። ወንድምህ ላይ ግን አልኖርም።»
የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አፈሩን የመለስኩበት እኔ ነኝ። መገነዣ አልነበረንም። ፊቱ እንደተገለጠ…»
ተነስቼ አቡጀዲ ቀደድኩለት። ነጩን፣ ደህናውን።

ጥር 19
ጓዴ የጠራቸው ቄስ ተክለ ማርያም መጡ። እነ ጓዴ ከሰጉት አንድም አልደረሰም፣ የጠየቀ ሰው የለም። ጋሽ አለበል ቆፈሩ። እኔ ውጭ የእማማን እጅ ይዤ ቆምኩ። ዶማው አፈሩን በነካ ቁጥር እጃቸው እጄን ይጨመድደዋል። ከዚያ ዶማው ዝም አለ… በእጅ እየጠረጉ ነው ማለት ነው።
ጓዴ ተሸክሞት ወጣ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። የገበያው ሰው ሱቁን እየዘጋ ተከተለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እኛ እስላሞቹ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀረን። ፍትሐቱ ከውስጥ ይሰማ ነበር።

የካቲት 6
ከገባን አራተኛ ቀን። ምሰሶው ተቀይሯል፣ ወለሉ በድንጋይ ተሞልቶ ተለቅልቋል። እማማ ጓዴ ጋ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ «አሁን መውጣት እችላለሁ» ነው ያሉት።
እኔ ግን ወደ ጓዳ ስገባ ሰላምታ እሰጣለሁ። ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።
ዛሬ ኢስራ ሰማችኝ። «እማ፣ ማንን ነው ሰላም የምትይው?»
ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። እምቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት።
«ስንት ዓመቱ ነበር?»
«አሥራ ዘጠኝ።»
ፍራሿን ከጓዳው ጠቅልላ እኔ ጋ አመጣችው። አልከለከልኳትም።